እልልታ ያማረው መርዶ ነጋሪ

በእኛ በቢቸና ዙሪያ፣ በጋራው ላይ ሰው ሲሮጥ ከታየ ወይ ቤት ተቃጥሏል፣ ወይ በሬ ጠፍቷል፣ ወይ ሰው ሞቷል። አራተኛ ምክንያት የለም። አትሌት እንሆናለን የሚሉ ወጣቶች እንኳ ማለዳ ማለዳ የሚሮጡት በዋናው መንገድ ዳር ስለሆነ ሰው ለምዷቸዋል፤ ከሚያልፈው አይሱዙ ለይቶ አያያቸውም። በማሳ ድንበር፣ በጋራ ወገብ ላይ የሚሮጥ ሰው ግን ክፉ ነገር ይዟል። ይህን ጡት ያልጣለ ልጅ ያውቀዋል። ያላወቀው የሩጫው ኮሚቴ ብቻ ነበር፤ ኮሚቴው ደግሞ የተማሩ ሰዎች ስብስብ ነው።

ወደ ኮሚቴው እመጣለሁ። መጀመሪያ ስለ ስጦታው ልናገር፤ ነገሩ የእሱ ነውና።

ስጦታው መርዶ ነጋሪ ነው። አባቱም መርዶ ነጋሪ ነበሩ። ይህን ስም ማን እንዳወጣለት እንጃ፣ ከእሱ እጅ ስጦታ የተቀበለ ሰው እኔ እስካሁን አላየሁም። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ግራ ትከሻው ወደ መሬት ያዘነበለ፣ ሲሄድም ሲሮጥም ቀኝ እጁን ከጀርባው የሚያደርግ፣ ሲናገር ማቆሚያ የሌለው ሰው ነው። ትሑት አይደለም። ትሑት መርዶ ነጋሪ አለ ቢሏችሁ አትመኑ፤ የሰው ሁሉ ዓይን በአንድ ሰው አፍ ላይ ሲተከል ያ ሰው ትንሽም ቢሆን መኩራቱ አይቀርም። እኔ ምናለ እባላለሁ፤ መናኸሪያው አጠገብ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ስጦታው ሥራ በፈታ ቀን፣ ማለትም ሰው ባልሞተ ቀን፣ እኔ ዘንድ ቁጭ ብሎ ጉራውን ይነዛል።

«ከቢቸና እስከ ሞጣ የእኔ እግር ያልረገጠው ጋራ ካለ ጥራልኝ» ይላል።

«ጋራ መርገጡንማ ፍየልም ትረግጣለች» እለዋለሁ።

«ፍየል የምትወጣው ቀጥ ያለውን ነው። እኔ ለስላሳውን መርጬ ነው። አንተ አይገባህም፣ ምናለ። መርዶ ይዘህ እያለከለክህ መድረስ ነውር ነው። ትንፋሽህ ተቆራርጦ ከደረስክ አፍህን ሳትከፍት ትንፋሽህ ያረዳቸዋል።»

እዚህ ላይ እንኳ እውነቱን ነው። ቀብር አይጠብቅም፤ ስለዚህ መሮጥ ግድ ነው። ትንፋሽን ሰብስቦ መድረስም ግድ ነው። እናም አባትና ልጅ ሽቅቡ የማይገድል፣ ቁልቁሉ ጉልበት የማይሰብር የጋራ መንገድ ሲፈልጉ ኖሩ። አገራችን በምሥራቅ በኩል ወደ ዓባይ ገደል ብታፈጥም በዚህ በኩል ገራም ናት። ጋራው ረጋ ብሎ ይነሣል፤ ረጋ ብሎ ይወርዳል። ከጤፍ ማሳ ወደ ግጦሽ፣ ከግጦሽ ወደ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፍ ወደ ደብር የወይራ ጥላ ያሻግራል። ስጦታው የትኛው ጨፌ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ የየትኛው ጎጥ ውሻ እንደሚናከስ ሳይቀር ያውቃል። ይህን ሁሉ ያወቀው ለሰው ለቅሶ ለማድረስ ነው። እንዲህ ያለ ዕውቀት ምን ያኮራል? እሱን ግን ያኮራዋል።

ስልክ እያለ መርዶ ነጋሪ ምን ያደርጋል የሚል ካለ እሱ የአገሬ ሰው አይደለም። ሞት በስልክ አይነገርም። የእናቱን ሞት በስልክ የሰማ ሰው፣ የነገረውን ሰው እስኪሞት ድረስ አይረሳለትም። መርዶ እግር ይፈልጋል፤ ፊት ይፈልጋል። ሥርዓትም አለው። መርዶ ነጋሪ ሞተ አይልም። አንድ ሁለት ጎረቤት አስከትሎ ይገባና «እገሌ ትንሽ አሟቸው ነው፤ ደረስ በሉ» ይላል። በዚህች «ትንሽ» የሚታለል ሰው የለም። ገና ከአፉ ሳትወጣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ።

«የሚገርምህ ግን» ይለኛል ስጦታው፣ እየሳቀ፣ «እያወቁ ይጠይቁኛል። ይሻላቸዋል ወይ? ይሉኛል። እኔን! ሬሳ ገንዤ የመጣሁትን! አንድም ሳይጠይቀኝ የቀረ ሰው የለም። ሰው ምን ያህል ሞኝ ነው?»

በዚህ ይስቃል። እኔም አብሬው እስቃለሁ፤ በሰው ሞኝነት መሳቅ አይከፈልበትም።

በእሱ ላይ የደረሰው ግን የበለጠ ያስቃል። በራሱ ሠርግ ቀን፣ ሚዜዎቹን አስከትሎ ወደ ሙሽራዋ መንደር በጋራው ብቅ ሲል፣ የሙሽራዋ አክስት ከሩቅ አየችው። ያ ትከሻ፣ ያ ከጀርባ ያለ እጅ። ከኋላው የሚከተሉትን ሰዎች ስታይ ቀብር ጠሪ መስላው ጩኸቷን ለቀቀችው። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እየጮኸ ወጣ። ከበሮው ቆመ። አማቱ ደረታቸውን መቱ። መርዶ ነጋሪ መጣ የተባለው ሰው ሙሽራው ራሱ መሆኑን ለማስረዳት የቅዳሴ ያህል ጊዜ ፈጀ። እልልታው ከዚያ በኋላ ቢሞከርም አልወጣም፤ አልቅሶ የደከመ ጉሮሮ እልል አይልም። ሚስቱ ፈንታነሽ እስከ ዛሬ «በለቅሶ የተዳርኩ እኔ ብቻ ነኝ» ትላለች።

አንድ ቀን ሱሪውን እየጠጋገንኩለት ሳለ፣ ጉራውን ሳይነዛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረኝ።

«ምናለ፣ አንድ ነገር ያምረኛል። አንድ ቀን ብቻ በጋራው ላይ ብቅ ስል ሰው አይቶኝ እልል ቢልልኝ። አንድ ቀን ብቻ። ከዚያ ብሞትም ግድ የለኝ።»

«መርዶ ነጋሪ እልልታ ካማረው ጅብም ነገ ጾም ይይዛል» አልኩት።

አልሳቀም። ሱሪውን ተቀብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ግን ይህን ምኞቱን ደጋግሞ ያነሣብኝ ጀመር፤ እንደ ጥርስ ሕመም ያዘው።

ኮሚቴው የመጣው እንግዲህ በዚህ መሀል ነው። አገሩ ረጋ ብሎ በነበረበት በአንድ ዓመት፣ ሀብተ ሥላሴ የሚባል የቢቸና ተወላጅ ከአዲስ አበባ መጣ። ልጁን ሳውቀው ለጥምቀት በዓል የሚሰፋለትን ሱሪ በአንድ ቀን የሚቀድ የትምህርት ቤት ልጅ ነበር። አሁን እንደ ቆዳው የተጣበቀ ሱሪ ለብሶ፣ የልቡን ምት የሚቆጥር ሰዓት አስሮ፣ የአገሩን አየር እየሳበ «ዋው» ይላል። አየሩ እሱ ሲሄድም እዚሁ ነበር። በየዓመቱ የጋራ ላይ ሩጫ እናዘጋጃለን፣ ሯጭ ከየአገሩ ይመጣል፣ ቢቸና ትታወቃለች አለ። ቢቸና በጤፏ መታወቋ አልበቃውም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል እንዲህ ነው።

መጀመሪያ የሞከሩት ጉንደ ወይን በኩል፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። «ቪው አለው» አለ። ቪው ማለት ገደል ማለት መሆኑን ያኔ ተማርኩ። ለሙከራ የተላኩት ሯጮች ቁልቁሉን ወረዱት፤ ቁልቁል ማንን ይቸግራል? ሽቅቡን ግን አንዱን በበቅሎ፣ ሌላዋን በቃሬዛ ነው ያወጧቸው። ሀብተ ሥላሴ ራሱ የበቅሎዋን ጭራ ይዞ ወጣ ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ግን አምናለሁ።

ከዚያ ወዲያ ቪው ቀረና ለስላሳ ጋራ መፈለግ ተጀመረ። ሀብተ ሥላሴ እኔ በረንዳ የሯጮቹን የደረት ቁጥር ሊያሰፋ መጥቶ ጨነቀኝ አለኝ።

«ጋሼ ምናለ፣ ሽቅብም ያለው፣ ግን ሰው የማይገድል ሩት እፈልጋለሁ። ሶፍት የሆነ። መሬቱም የማይጎረብጥ።»

በመቀሴ ወደ ስጦታው ጠቆምኩት። «ይኸው የምትፈልገው ሰው። ዕድሜውን ሙሉ እሱን ሲፈልግ ነው የኖረው።» መርዶ ነጋሪ ነው ብዬም ነገርኩት። «ኦ፣ መልእክተኛ! ታሪክ አለው ማለት ነው» አለ። የገባው ይህን ያህል ነው።

በማግሥቱ መንገዱን ሊያዩ ሲወጡ እኔም ሥራ አልነበረኝምና ተከተልኳቸው። እንዲህ ያለ ጉድ በየቀኑ አይገኝም። ስጦታው ከፊት፣ ቀኝ እጁ ከጀርባው። ጤፉ ታጭዶ ማሳው ራቁቱን ነው፤ እርምጃ አይዝም። ቀስ እያለ በሚወጣው ጋራ ወገብ ወሰደን፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ሳላርፍ ወጣሁት። መንገዱ ያምራል፤ ይህን መካድ አልችልም። ግን ስጦታው እያንዳንዱን ቦታ የሚጠራው በሬሳ ነው። «ይህቺ ጉብታ የግራዝማችን ሞት ይዤ ትንፋሼን የሰበሰብኩባት ናት። ከዚህች ብሳና ሥር የሁለት ወንድማማቾችን መርዶ ይዤ አልቅሼ ነው ያለፍኩት፤ እዚያ ደርሼ ማልቀስ ስለማይገባኝ። ያ መታጠፊያ ደግሞ የመምህር ነው።» ሀብተ ሥላሴ በየቦታው ሰዓቱን ጢጥ ያደርግና «ቼክፖይንት» ይላል። ግራዝማች ቼክፖይንት ሆኑ። መምህሩም ቼክፖይንት ሆኑ።

መንገዱ ከቢቸና ወጥቶ፣ ጎጦቹን በጋራ በጋራ ዞሮ፣ በወይራ ማርያም በኩል ወደ ከተማ የሚመለስ ሆነ። ምልክት የሚተክል ጊዜ የለም ተባለ። ስለዚህ ሀብተ ሥላሴ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ስጦታው ራሱ ከፊት እየሮጠ ሯጮቹን ይምራ አለ። «ፔስሜከር ይሆናል።» ስጦታው ቃሉ ባይገባውም ደረቱን ነፋ።

እኔ ዝም አላልኩም። ምላሴ ክፉ ነው እንጂ ጭንቅላቴ ደህና ነው።

«ስማ ልጄ፣ በየደብሩ ከቅዳሴ በኋላ ይነገር። ቄሶቹ ‹እሑድ ስጦታው ይሮጣል፤ የሞተ ሰው የለም› ይበሉልህ።»

«አስተዋውቀናል እኮ ጋሼ። ፌስቡክ ላይ ፖስት ተደርጓል። ላይኩን ብታዩት!»

«ላይክ ያደረጉት አዲስ አበባ ነው ያሉት። ደረት የሚመቱት ግን እዚህ ናቸው።»

ሳቀ። ሽማግሌ ቀልደኛ ነው ብሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። በልጅነቱ የቀደደውን ሱሪ ሁሉ በነፃ የጠገንኩለት እኔ፣ ጀርባዬን ተመታሁ!

ስጦታው ደግሞ የራሱ መላ ነበረው። ለመርዶ ሲሄድ ነጠላውን አዘቅዝቆ ነው። አሁን ግን ኮሚቴው ያደለውን የብርቱካን ቀለም ካናቴራ ይለብሳል፤ ደረቱ ላይ ደግሞ እኔ የሰፋሁት አንድ ቁጥር አለ። «በዚህ ልብስ መርዶ አይነገርም፤ ይህን የማያውቅ ሰው አለ? ሲያዩኝ እልል ነው የሚሉት» አለ። ፈንታነሽ ካናቴራውን አገላብጣ አየችው። «አንተን በቀለም የሚያውቅህ ማን አለ? በትከሻህ ነው የሚያውቁህ» አለችው። አልሰማትም። ሚስት የተናገረችውን የሚሰማ ባል ቢኖር ግማሹ የአገር ጣጣ በቀለለ። ቅዳሜ ማታ ካናቴራውን ለብሶ ሲያበቃ እንደገና አውልቆ አጥፎ ትራስጌው አኖረው አለችኝ ኋላ።

ጥምቀት ባለፈ እሑድ፣ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ እህል ከቀመሰ በኋላ ሩጫው ተጀመረ። ከሞጣ የመጡ ጠንካራ ልጆች ነበሩ፤ ከባሕር ዳር ጆሮአቸውን በሽቦ የደፈኑ ልጃገረዶች ነበሩ፤ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ከመሮጣቸው በፊት ሮጠው የጨረሱ ይመስል ፎቶ የሚነሡ ነበሩ። ሁሉም ብርቱካን ለብሰዋል። እኔን በፒካፕ ከነጄሪካኑ ወስደው ወይራ ማርያም ጣሉኝ፤ የመጨረሻው ውሃ ማደያ እዚያ ነው፤ ከእኔ በኋላ ከተማው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሆነውን የሰማሁት ኋላ ከሯጮቹ አፍ ነው።

የመጀመሪያው ጎጥ ሰዎች ሰንበት ነውና አውድማ ዳር ተቀምጠው ጠላ ሲጠጡ ነበር። አንዷ ቀና ብላ ጋራውን አየች። ስጦታው! እየሮጠ! ከኋላው ደግሞ አንድ ዓይነት የለበሰ የከተማ ሰው በሰልፍ ተከትሎት! ለአንድ ሬሳ አንድ ስጦታው ይበቃል። ይህን ሁሉ ሰው ያስከተለ ሞት ምን ዓይነት ነው? አንዱ «አውቶቡስ ተገልብጦ ነው» አለ። አለቀ። እንዲያ ያለ ነገር ከተነገረ በኋላ የሚመልሰው የለም። ዋንጫው ተጣለ፤ ጩኸቱ ተነሣ።

ስጦታው እጁን እያወዛወዘ «ማንም አልሞተም! ማንም አልሞተም!» እያለ ወረደ።

እንግዲህ ፍረዱ። መርዶ ነጋሪ ሞተ ብሎ አያውቅም። «ማንም አልሞተም» ካለማ ያለቀው ሕዝብ ነው! ሴቶቹ ከመሬት ተደፉ። ወንዶቹ ክንዱን ይዘው «በሥላሴ፣ አትደብቀን፣ የማን ልጅ ነው?» አሉት። ስጦታው «ሩጫ ነው፣ እንዲሁ ነው» አለ። እንዲሁ የሚሮጥ ሰው አይተው ስለማያውቁ ይህንንም አላመኑትም። የኡኡታው ድምፅ ከጋራ ጋራ ተላልፎ ከሯጮቹ ቀደመ። ሁለተኛው ጎጥ ሲደርሱ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ መንገድ ዳር ወጥቶ ጠበቃቸው።

የሩጫው ነገር እዚያ ላይ ተበላሸ። ከፊት የነበሩት የሞጣ ልጆች የሰው ልጆች ናቸው፤ ለቅሶ ረግጠው አያልፉም። ቆሙ፣ አንገታቸውን ደፉ፣ ከተቀመጠው ሰው መሀል ገብተው ተቀመጡ። ማን እንደሞተ አልጠየቁም፤ ለቅሶ ደርሶ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የኋላዎቹም እንዲሁ ሲያደርጉ አይተው ተቀመጡ። ጆሮዋን በሽቦ የደፈነችውን የባሕር ዳር ልጅ አንዲት አሮጊት አቅፈው «እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ» ሲሏት እሷም ባለፈው ዓመት የሞተች እህቷ ትዝ ብላት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሀብተ ሥላሴ በሞተር ደርሶ ሰዓቱን እያሳየ «ተነሡ! ታይም እየሄደ ነው!» ቢል፣ አንድ ሽማግሌ «ይህ ልጅ ሐዘኑ ነው መሰል አእምሮውን ነካው» ብለው ውሃ ረጩበት። ለዚህች ውሃ ስል እኔ ያን ቀን ወርቅ ብሰጥ አይቆጨኝም።

ስጦታው ግን አልቆመም። የሚከተለው ሰው እያነሰ ሄዶ ብቻውን ቀረ። ከአንዱ ጎጥ ሲያመልጥ ሌላው ያለቅስበታል። እልል የሚል አንድ ጎጥ፣ አንድ ቤት፣ አንዲት ሴት እያለ ሮጠ።

እኔ በጄሪካኖቼ መሀል ሆኜ ኡኡታው እየቀረበ ሲመጣ ሰማሁት። የወይራ ማርያም ሴቶች ከየቤቱ ወጡ። የደብሩ አገልጋይ ቄስ ገብረ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው ከቅጥሩ ብቅ አሉ። «የሞተ የለም፤ ሩጫ ነው!» ብዬ ጮህኩ። የልብስ ሰፊ ቃል ማን ይሰማል? ስጦታው በጋራው ላይ ብቅ አለ። ያ ትከሻ። ብርቱካኑ ካናቴራ በላብ ጠቁሯል። ሴቶቹ ጮኹ።

ከደብሩ ቅጥር ሥር ባለች ጎጆ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ የሚባሉ መነኩሴ ይኖራሉ። ባላቸው ሲሞቱ ያረዷቸው የስጦታው አባት ናቸው። ወንድ ልጃቸው ሞጣ መንገድ ላይ ሲሞት ያረዳቸው ስጦታው ነው። ሴት ልጃቸው በወሊድ ስትሞትም ስጦታው ነው። ከዚያ ወዲህ ቆብ ደፉ። ያን ቀን መቋሚያቸውን ተደግፈው በራቸው ላይ ቆመው ነበር፤ የማይጮኹት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ስጦታው ከእሳቸው በር ፊት ደረሰ። ያን በር ያውቀዋል። ቆመ።

«ስጦታው ነህ?» አሉት።

«አዎ እማሆይ።»

«ወደ እኔ ነው የመጣኸው?»

«አይደለም እማሆይ፣ ኧረ አይደለም።»

«እንዴትስ ይሆናል? ለእኔ የምታመጣው ምን ቀረህ? ያለኝን ሁሉ አንተና አባትህ አምጥታችሁ ጨርሳችኋል።» ይህን ሲሉ ቂም አልነበረባቸውም፤ እንደ ሂሳብ ተናገሩት። «ታዲያ ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያ ምን ያስሮጥሃል?»

«እንዲሁ ነው እማሆይ። ሩጫ ነው። እንዲሁ፣ ለደስታ።»

እማሆይ አዩት። ካናቴራውን፣ እኔ የሰፋሁትን ቁጥር፣ የተንጠባጠበውን ላብ አዩ። እኔ ያሾፉበታል ብዬ ጠበቅሁ፤ እኔ ብሆን አሾፍበታለሁ።

«አመንኩህ» አሉ። «የሚሞትብኝ ስለሌለ አልፈራህም። ለደስታ የሚሮጥ ሰው ሳይ ይኸው የመጀመሪያዬ ነው።»

ከዚያ መቋሚያቸውን በግራ እጃቸው ያዙና፣ በተሰነጠቀ ድምፅ፣ በዚያ ሁሉ ኡኡታ መሀል፣ እልል አሉለት።

ሴቶቹ ጩኸታቸውን አቆሙ። እማሆይ ሁለተኛ እልል አሉ። ስጦታው በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በካናቴራው ሸፍኖ አለቀሰ። እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ ማልቀስ የሌላ ሰው ሥራ ነበርና። ውሃ ይዤ ቀረብኩ። ጄሪካኑን አጠገቡ አስቀምጬ ተመለስኩ። ሩጫውንም አልጨረሰም። እዚያው ጠላ ተቀድቶለት ዋለ።

ቢቸና ላይ የሩጫው ማብቂያ ገመድ እስከ ማታ ተወጥሮ ቆየ። በመጨረሻ ጭድ የጫነች አህያ በጥሳው አለፈች። ኮሚቴው ሩጫው በደማቅ ሁኔታ ተጠናቀቀ ብሎ ለጠፈ፤ አህያዋን አልጠቀሰም። ሀብተ ሥላሴም ወደ አዲስ አበባው ሄደ፤ የቀጣዩን ዓመት ሌላ አገር ያዘጋጀዋል አሉ። አገር ምን በደለው?

ስጦታው ግን ለመደ። ሰው ባልሞተ ቀን ያን ካናቴራ ለብሶ በዚያው መንገድ ወደ ወይራ ማርያም ይሮጣል። እማሆይ ሲያዩት እልል ይላሉ፤ ጠላ ያጠጡታል፤ ይመለሳል። የወይራ ማርያም ሰውም በዚህ ተጠቀመ። ስጦታው በጋራው ላይ ሲታይ ሰው ሥራውን ያቆምና መጀመሪያ የእማሆይን ድምፅ ያዳምጣል። እልልታው ከተሰማ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። እኔ «ለአንድ ጣሳ ጠላ ይህን ያህል ጋራ የሚሮጥ እግር የት ይገኛል?» እያልኩ እቀልድበት ነበር። «እናትህ እልል ያለችልህ ሰው ይህን አታውቅም» ይለኛል።

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት በአንድ ጠዋት፣ ካናቴራውን ለብሶ በረንዳዬን አልፎ ሲሄድ አየሁት። «ጭቃ ነው፣ ተመለስ» አልኩት። እጁን ከጀርባው አንሥቶ አወዛወዘልኝ።

የቀረውን የነገሩኝ ቄስ ገብረ ማርያም ናቸው። በጋራው ላይ ብቅ ሲል እልልታ አልተሰማም። ሰው ደጅ ደጅ ወጥቶ ቆሟል፤ ግን ማንም አልጮኸም። ስጦታው ነፋሱ ድምፃቸውን ወስዶት ነው ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ እየሳቀ ወረደ። ቄሱ ሁለት ጎረቤት አስከትለው መንገድ ላይ ጠበቁት። ጠዋት ሲነጋጋ እማሆይ አርፈው ነበር። የሚነገረው ዘመድ ስለሌላቸው ለማን ይነገር እያሉ ሲመካከሩ ነው እሱ በጋራው የመጣው። ከድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ቄሱም እንደ ሥርዓቱ «ስጦታው፣ እማሆይ ትንሽ አሟቸው ነው» አሉት።

ስጦታው ቀና ብሎ የሁሉንም ፊት አየ።

«ይሻላቸዋል?» አለ።